ወደ ሰሜን ሸዋ ለሚመጣ የእንግሊዝኛ መምህር ምን እንንገረው?

(በደብረ ብርሃን ለእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራንና ለርዕሳነ መምህራን ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ርዕሳነ መምህራንና የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አባላት፤

ዛሬ የምናገረው ከሩቅ አገር መጥቶ በእኛ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ስለሚያስተምር ሰው ኑሮ ነው። ስለ ማስተማሪያ ዘዴው በየሥልጠናው ብዙ ሰምተናል። መምህሩ ከክፍል ወጥቶ ቤቱ እስኪገባ፣ ከቤቱም ወጥቶ ገበያ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ በአእምሮው የሚመላለሰውን ነገር ግን አንድም ጊዜ ተቀምጠን ተነጋግረንበት አናውቅም። በእኔ እምነት ጥሩ መምህራንን ያጣነው በዚህ ዝምታችን ምክንያት ነው። እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን፤ ማብላትና ማጠጣት፣ ከአልጋችን ወርደን ማስተኛት ማንም አላስተማረንም። የሚጎድለን መንገር ነው። እንግዳው ያየው ነገር ምን ማለት እንደሆነ፣ ከእርሱ የሚጠበቀውም ምን እንደሆነ፣ እኛ ከእናታችን ጋር ስለተማርነው፣ ሊነገር የሚገባው ነገር መሆኑ ራሱ አይታየንም።

የባህል ድንጋጤ የሚባለውን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው ካሌርቮ ኦበርግ የተባለው የሥነ ሰብ ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ፣ በባዕድ አገር ለሚኖሩ ሰዎች ባሰማው ንግግር፣ ድንጋጤው የሚመነጨው ሰው በየዕለቱ ሳያስብባቸው የሚጠቀምባቸው የመግባቢያ ምልክቶች በአዲሱ አገር ሳይሠሩለት ሲቀሩ እንደሆነ አስረድቷል፤ እጅ መቼ ይጨበጣል፣ ግብዣ መቼ ይቀበሉታል፣ መቼስ እንቢ ይሉታል የሚሉትን የመሳሰሉ ማለቱ ነበር። የድንጋጤውን መገለጫዎችም ዘርዝሯል፤ እጅን ደጋግሞ መታጠብ፣ ስለ መጠጥ ውሃና ስለ ምግብ ከልክ በላይ መጨነቅ፣ ሩቅ እያዩ መፍዘዝ፣ በጥቂት መዘግየት ቱግ ማለት፣ የአገሬውን ሰው ሸሽቶ የወገንን ሰው ብቻ መፈለግ። ከውጭ መምህር ጋር አንድ ስታፍ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ዝርዝር ሲሰማ የሚያስታውሰው ፊት አይጠፋም። በጊዜው ግን ያንን ፊት ኩራት ወይም ንቀት ብለነዋል።

የውጭ ሰው በዚህ ምድር መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ ተቀምጧል፤ እ.ኤ.አ. በ1841 ደግሞ በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሡ መጥቶ በዚያው ዓመት ውል ተፈራርሟል። እነዚያ ሰዎች ከቤተ መንግሥት ቀለብና ጥበቃ፣ ከጎናቸውም አስተርጓሚ ነበራቸው። መምህሩ ይህ ሁሉ የለውም። ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ አንድ ክፍል ቤት ይከራያል፣ በማግስቱም ዐይኖቻቸውን የጣሉበት ከ50 የሚበልጡ ተማሪዎች ፊት ይቆማል።

ታላላቆቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተማሯቸውን የህንድ መምህራን እስከ ዛሬ በፍቅር ያነሷቸዋል። ፒስ ኮር እያልን የምንጠራቸው የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላትም እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ ሆነው መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራቸው ተቋረጠ፣ በ1995 ተመለሱ፣ በድንበሩ ጦርነት ምክንያት በ1999 እንደገና ወጡ፣ በ2007 ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ጀመሩ። የራሳችንም ልጆች ከዚህ ፈተና ውጭ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ሲደረግ ብዙዎቹ መምህር ሆነው ነው የዘመቱት፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ወጣት መንዝ ወይም መርሐ ቤቴ ሲመደብ ቋንቋው የእናቱ ቋንቋ ሆኖ ሳለ እንኳ ሰዉን ለመልመድ ወራት ይፈጅበት ነበር። ቋንቋውንም የማያውቀውን ሰው ከዚህ ተነሥታችሁ አስቡት።

አየሩን በአጭሩ ልለፈው፤ ነገር ግን ሳይነገር የሚቀር አይደለም። አፍሪካ ሲባል ሙቀት ብቻ የሚታያቸው ብዙ ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፣ ቤቶቻችንም ማሞቂያ የላቸውም። ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ሰው እንኳ የለመደው ውጭው ቀዝቅዞ ቤቱ ሲሞቅ ስለሆነ የእኛው ብርድ እስከ አጥንቱ ይሰማዋል። ውሃ በዚህ ከፍታ በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር እንደ አገሩ ቶሎ አይበስሉለትም፣ ምድጃው የተበላሸበት ይመስለዋል። ከጣርማበር ወርዶ ሸዋ ሮቢት የተመደበው ጓደኛው ደግሞ በዚያው ሰዓት በሙቀት እንቅልፍ ያጣል። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ደጋ የተመደበውን በመጀመሪያው ሳምንት ገበያ ወስዶ የመንዝ ባና ማስገዛት፣ ሽሮና በሶ እንዴት እንደሚዘጋጁ ማሳየት።

የሰዓቱና የዘመን መቁጠሪያው ጉዳይም ብዙ ያደናግራል። ቀናችን የሚጀምረው ከጠዋቱ ነውና ሁለት ሰዓት ስንል እርሱ በሰዓቱ ላይ ስምንት ይፈልጋል፤ ዓመታችን ከእርሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያንሳል፤ ወራችን 13 ነው። ይህን በወረቀት ሊያነበው ይችላል። በወረቀት የማያገኘው ግን ወር በገባ በ12 ቀን ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ሲሆን የገጠሩ ተማሪ ቤተሰብ ከእርሻ ሥራ የሚያርፍ መሆኑን፣ የገበያ ቀን ሲሆን ደግሞ ከክፍሉ ብዙ ወንበር ባዶ የሚሆንበትን ምክንያት ነው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋና ወተት አይበላም፤ 55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾም ደግሞ በትናንሾቹ ከተሞቻችን ክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። እንደ አጣዬና ሸዋ ሮቢት ባሉ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው በሚኖሩባቸው ከተሞች አንዱ የሌላውን እርድ እንደማይበላ ያላወቀ እንግዳ፣ ጎረቤቶቹን በሙሉ በአንድ ድስት ለመጋበዝ አስቦ፣ ግማሾቹ ሳይነኩ ሲነሡ ልቡ ይሰበራል። ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ጭውውት የሚያልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ ልግባ። ትልቁ ድንጋጤ ያለው እዚህ ነውና ሰፋ አድርጌ ላየው እፈልጋለሁ።

መምህሩ ሲገባ ተማሪው በሙሉ ብድግ ይላል። በዚህ ደስ ይለዋል፣ ወይም ያፍራል፤ ቶሎ ግን ይለምደዋል። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ዝምታ ነው። አንዱን ተማሪ ለይቶ ሲጠይቀው ልጁ አንገቱን ይደፋል፣ መልሱን ቢያውቅ እንኳ በሹክሹክታ ይናገራል። መምህሩ በመጣበት አገር ዐይን ዐይኑን እያየ የሚያዳምጥ ተማሪ ነው ትኩረት የሰጠ የሚባለው፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ ልጅ አንድም ነገር እየሰማኝ አይደለም ብሎ ይደመድማል። በእኛ ቤት ደግሞ አባቱ ሲናገር ዐይኑን አፍጥጦ የሚያይ ልጅ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ በቤቱ የተማረውን ጨዋነት ይዞ ነው የመጣው፤ የከበረ ነገር ሲሰጥ በሌላው ሰው ዘንድ ዋጋ ቢስ ሆኖ ተቆጠረበት።

ከዚህም የረቀቀ ነገር አለ። ብዙዎቻችን አዎ ለማለት አፋችንን በጥቂቱ ከፍተን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ እንስባለን። ይህን ምልክት የማያውቅ መምህር ተማሪው የደነገጠ ወይም አንድ ነገር ያመመው ይመስለዋል፤ ጥያቄውን ይደግምለታል፣ ልጁም ደግሞ ትንፋሹን ይስባል፣ ሁለቱም በየፊናቸው ግራ ይጋባሉ። ይህንን በመጀመሪያው ቀን ስታፍ ውስጥ አንድ ሰው በሠላሳ ሴኮንድ ቢያሳየው ኖሮ ስንት ቀን ከመደናገር በዳነ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ገብቷችኋል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ ቲቸር» ይላል። መምህሩ አምኖ ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። በወሩ ፈተና ሲሰጥ ግማሹ ባዶ ወረቀት ይመልስለታል፤ ያን ጊዜ ተታለልሁ ብሎ ያስባል፣ አንዳንዱም ተማሪዎቹን ውሸታሞች እስከ ማለት ይደርሳል። እኛ ልንነግረው የሚገባን ይህ ነበር፦ በዚህ አገር ልጅ በጓደኞቹ ፊት አልገባኝም ሲል ሁለት ነገር ይፈራል፤ አንደኛ ይሳቅብኛል ብሎ፣ ሁለተኛም መምህሬን አላስረዳኸኝም ብዬ በአደባባይ ልወቅሰው ነው ብሎ። በዚያ ላይ የለመደው የእኛን እንግሊዝኛ ነው፤ የአዲሱ መምህር አነጋገር ፍጥነቱና ድምፀቱ እስኪለመደው ድረስ ቃል ለቃል አይዘውም። መድኃኒቱም በእጃችን አለ። አንድ ለአምስት ብለን ባደራጀናቸው ቡድኖች ውስጥ ያልገባቸውን ለቡድን መሪያቸው እንዲነግሩ፣ መሪውም በወረቀት ጽፎ እንዲያቀርብ ማድረግ። ያኔ ማንም ማንንም አልወቀሰም፣ ጥያቄው ግን ለመምህሩ ደርሷል።

ስለ ሽምደዳ የሚነሣውንም ክስ ልመልስበት እወዳለሁ፤ ይህን ክስ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይቃጠላል። የውጭ መምህራን፣ እነርሱን ተከትለንም አንዳንዶቻችን፣ የእኛ ተማሪ ሸምድዶ ከመድገም በቀር ከራሱ የሚያወጣው የለውም እንላለን፤ ምክንያቱንም በቤተ ክህነት ትምህርት ላይ እንጥላለን። እውነት ነው፣ ፊደሉን ቆጥሮ፣ ዳዊቱን ደግሞ፣ ጮኾ እያነበበ ማጥናት የአብነት ትምህርት መሠረት ነው። ነገር ግን የዚያው ትምህርት አካል የሆነው የቅኔ ቤት ተማሪውን የሚጠይቀው ከዚህ የተለየ ነገር ነው። የቅኔ ተማሪ ትናንት የተባለውን ዛሬ ቢደግም አይቆጠርለትም፤ ለብቻው ተቀምጦ አስቦ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ መንገር አለበት፤ መምህሩም ያርመዋል፣ ይነቅፈዋል፣ ሲያምርለትም ያመሰግነዋል። ከዚህ የበለጠ የፈጠራ ልምምድ በየትኛው የቋንቋ ክፍል አለ? እንግዳው መምህር ይህን ቢያውቅ፣ ለተማሪዎቹ ዛሬ አምስት አረፍተ ነገር ቆጥራችሁ ኑ ቢላቸው፣ የሚጠይቃቸው ነገር በአገራቸው የተከበረ መሆኑን ይረዱለት ነበር።

ሌላው ቅሬታ ከተማሪዎች የሚመጣ ነው። መምህሩ በጨዋታ፣ በዘፈን፣ በጥንድ ጭውውት ሊያስተምር ይፈልጋል፤ ተማሪው ደግሞ ደብተሩ ባዶ ሲሆን ያልተማረ ይመስለዋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል፣ በ12ኛ ክፍል መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና ይጠብቀዋል፤ የቤተሰቡም ተስፋ በዚያ ፈተና ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ «ቲቸር፣ ኖት አልሰጠኸንም» ሲል ስንፍና ወይም ግትርነት አይደለም። መምህሩ በየክፍለ ጊዜው ማብቂያ ዐሥር ደቂቃ ሰጥቶ ዋና ዋናውን ነጥብ በሰሌዳ ቢጽፍላቸው፣ በቀረው ጊዜ እንዳሻው ቢያጫውታቸው ማንም አይከፋበትም። ይህን ምክር መስጠት የዲፓርትመንት ኃላፊው ሥራ ነው።

ከክፍል ወጥተን ወደ ሰፈር እንመለስ። በእኛ ዘንድ ብቻውን የሚበላ፣ በሩን ዘግቶ የሚውል ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ አዝኗል፣ ወይ ከሰው ተጣልቷል። ስለዚህ የቤት አከራይዋ እትዬ መምህርቷ ቅዳሜ በሯን ዘግታ ስትውል እንጀራ በወጥ ይዘው ያንኳኳሉ፤ በሩ ቶሎ ካልተከፈተ ይጨነቃሉ፤ ሲመሽም ብቻዋን እንዳታድር ብለው ልጃቸውን ፍራሽ አስይዘው ይልካሉ። ከዚህ የበለጠ ደግነት አላውቅም። መምህርቷ ግን ባደገችበት ቤት ከልጅነቷ ጀምሮ የራሷ ክፍል ነበራት፤ ሳምንቱን ሙሉ በባዕድ ቋንቋና በብዙ ዐይን ተከብባ ስለዋለች ያቺ ቅዳሜ ብቻ ናት መተንፈሻዋ። በሩ ሲንኳኳ ታለቅሳለች። እትዬም ለቅሶዋን ሰምተው ይብሱን ይመላለሳሉ። ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም። መሐል የገባ አንድ ሰው ቢኖር፣ ለእትዬ «ይህች ልጅ እንዲህ ነው የምታርፈው፤ እሑድ ቡና ሲፈላ ትመጣለች» ብሎ፣ ለመምህርቷም እንዲሁ ቢያስረዳት፣ ቅዳሜዋም ትጠበቅላታለች፣ እሑድ ደግሞ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ተቀምጣ ትጠጣለች።

በተመሳሳይ መንገድ ዕድሜህ ስንት ነው፣ አግብተሃል፣ ለምን አልወለድህም፣ ደመወዝህ ስንት ነው የሚሉት ጥያቄዎቻችን እርሱን ያቆስሉታል። እኛ የምንጠይቀው ሰውየውን ከዘመድ ለመቁጠር ነው፣ ያላገባውንም ልንድርለት ስለምናስብ ነው። የመመለስ ግዴታ እንደሌለበት፣ «እግዜር ያውቃል» ብሎ ፈገግ ቢል ማንም እንደማይቀየመው ብንነግረው ይበቃል።

ለቅሶን ግን እንዲህ በቀላሉ ማለፍ አልችልም። የአንድ መምህር እናት ስታርፍ ስታፉ በሙሉ ይሄዳል፤ ተማሪው ይለቀቃል ወይም ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። እንግዳው መምህር የቤተሰብ ኀዘን የግል ነገር ነው፣ ያልተጠራሁበት ቦታ ሄጄ ሰውን አላስቸግርም ብሎ፣ በቅንነት፣ ክፍሉ ገብቶ ያስተምራል። በማግስቱ ማንም ሞቅ አድርጎ ሰላም አይለውም። ምን እንዳጠፋ የሚነግረው የለም፤ እርሱም የተጠላበትን ምክንያት በቆዳው ቀለም ወይም በአገሩ መንግሥት ፖለቲካ ውስጥ ሲፈልግ ይከርማል። ለቅሶ መድረስ ግብዣ እንደማይጠብቅ፣ ምንም መናገር እንደማያስፈልገው፣ ገብቶ ዝቅ ብሎ መቀመጥና ሲወጣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት እንደሚበቃ ቀድመን ካስተማርነው፣ በዚያች አንድ ሰዓት የሚያገኘውን ወገንነት በዓመት ሥራ አያገኘውም። ከሁሉ አስቀድሞ ይነገረው የምለው ይህንን ነው።

ስለ መንገዱም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ይህኛው ደግሞ እንግዳው ሊለምደው የሚገባ ሳይሆን እኛ ልናስተካክለው የሚገባ ነው። ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ወይም «ዩ! ዩ!» እያሉ ሲከተሉት፣ ከእስያ የመጣውን ሁሉ «ቻይና» ሲሉት፣ አንዳንዱም ድንጋይ ሲወረውር፣ ልጆች ናቸው ብለን እናልፋለን። ጠዋት ማታ በዚያ መንገድ የሚመላለሰው ሰው ግን ሊያልፈው አይችልም። ጥቁር አሜሪካዊ የሆነው መምህር ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ሁሉም በአማርኛ ያናግረዋል፣ አልችልም ሲል ቋንቋውን የናቀ ሐበሻ ይመስላቸዋል፣ ከነጭ ጓደኛው ጋር ሲሄድ ደግሞ አስጎብኚ ነው ይሉታል። ይህ ሰው የአባቶቹን አህጉር ብሎ ነው የመጣው። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ርዕሰ መምህሩ መምህሩን በስሙ አስተዋውቆ፣ ተማሪዎች በየሰፈራቸው ታናናሾቻቸውን «ቲቸር» ብላችሁ ጥሩት እንዲሉ ቢታዘዙ፣ በትናንሽ ከተሞቻችን ነገሩ በጥቂት ሳምንት ይለወጣል።

ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር መንዝ ውስጥ ተቀምጦ ሕዝባችን ሐሳቡን በሰምና ወርቅ የሚገልጽበትን መንገድ አጥንቷል። እርሱ የመጣው ለዚሁ ጥናት ነበር፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ግን በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ ይዞ፣ ወረቀት እያረመ፣ ወርቁን ቆፍሮ የሚያወጣበት ትርፍ ጊዜ የለውም። «እስቲ እናያለን» ስንለው እሺ ያልነው ይመስለዋል፤ «ምሳ እንብላ» ስንለው ለእውነት ይሁን ለወግ አይለይም።

ስለዚህ ርዕሳነ መምህራንን የምለምነው አንድ የተወሰነ ነገር ነው። የውጭ መምህር እንደሚመደብላችሁ ባወቃችሁ ጊዜ፣ ከመስከረም በፊት፣ ከስታፋችሁ አንድ ሰው ምረጡለት፤ እንግሊዝኛው የላቀውን ሳይሆን ትዕግሥት ያለውን፣ ሲጠየቅ የማይሰለቸውን። ለሴት መምህርት ሴት ምረጡላት። ለዚህ ሰው ከክፍለ ጊዜው ጥቂት ቀንሱለት፣ ሥራ ነውና እንደ ሥራ ይቆጠርለት። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት ተቀምጠው፣ እንግዳው በሳምንቱ ያልገባውን ሁሉ ይጠይቅ፤ የተመረጠውም ሰው እኛ ያልገባንን የእንግዳውን ነገር ይጠይቀውና ለስታፉ ያስረዳ።

ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌና ከዓለም ከተማ የመጣችሁ መምህራን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ፤ እኔ ያላነሣሁትን ታውቃላችሁ። ከአጣዬና ከሸዋ ሮቢት ለመጣችሁት ደግሞ ጥያቄ አለኝ፦ በረመዳን ወር ለእንግዳ መምህር ምን ትነግሩታላችሁ፣ በሙስሊም ቤት ለቅሶ ሲደርስስ ምን ማለት አለበት? ከእናንተ ልስማ።